ታኮዋን ያንጠለጠለች ኤንትሬ

የምሥራች። ዳገቱ ዛሬ ጠዋት ተወጣ። ማን እንደወጣው ትንፋሼን ልሰብስብና እነግራችኋለሁ፤ ከራውንድውድ ፓርክ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው በሩጫ ነው የመጣሁት።

የወጣችው የጋሽ ጥላዬ ኤንትሬ ናት። ያቺ የድሮዋ ጣሊያን ሠራሽ የጭነት መኪና፤ ይቺኛዋ ግን ከጉልበቴ አትበልጥም፣ በሪሞት ነው የምትነዳው። ጋሽ ጥላዬ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሃርልስደን ሰፈር ያለው ፍላታቸው ውስጥ በእጃቸው ነው የሠሯት። ካቢኗ የዘይት ቆርቆሮ ነው፣ ባሌስትራዋ ከአሮጌ ሜትር ብረት የተቆረጠ፣ ሞተሯ ከሞተ ድሪል የወጣ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ጎረቤታቸው ስለሆንኩ፣ ቆርቆሮው በተቀጠቀጠ ቁጥር ግድግዳዬም አብሮ ይደበደባል። ከኋላዋ ደግሞ በሰንሰለት የተንጠለጠለች የእንጨት ታኮ አለቻት፤ መኪና ዳገት ላይ ሲቆም እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የምትወሸቀው።

"ለአሻንጉሊት ታኮ ምን ያደርግላታል?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አሻንጉሊት አትበያት። ታኮ የሌለው መኪና ነፍስ ይበላል።"

ከልባቸው ነው። በልጅነታቸው ሀብተ ማርያም የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ረዳት ነበሩ። ጣርማ በር ዳገት ላይ መኪናው ሲቆም ዘለው ወርደው ታኮውን ለመወሸቅ ትንሽ ዘገዩ። መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ከኋላ የቆመችውን በቅሎ ከነጭነቷ ከዓለቱ ጋር አጣብቆ ጨፈለቃት። ሀብተ ማርያም ወረደና በክሪኩ ብረት አፋቸውን አላቸው። ሁለት የፊት ጥርሳቸው እዚያው አስፋልቱ ላይ ቀረ።

"የጥርሱስ ግድ የለም" ይላሉ፤ "የበቅሎዋ ጩኸት ነው እስከ ዛሬ ያለቀቀኝ።"

ከዚያ ወዲህ እጃቸው ከሐሳባቸው ይቀድማል። ያለ ሥርዓት የሚሽከረከር ጎማ ካዩ ሥሩ የሆነ ነገር ካልወሸቁ አይሆንላቸውም፤ የሱፐርማርኬቱን ጋሪ እንኳ በእግራቸው ደግፈው ነው የሚያቆሙት።

ባለፈው መስከረም ይኸው እጃቸው ጉድ አፈላ። በራችን ላይ ኤንትሬዋን ሲሞክሩ ሁለት ጎረምሶች በሞፔድ፣ በዚያች ትንሽ ሞተር ሳይክል መጡ። የኋለኛው ጎንበስ ብሎ መኪናዋን ለቀም አደረጋትና ብብቱ ሥር ሸጎጣት። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ጋሽ ጥላዬ ግን ከቆሻሻ ቢኑ አጠገብ የነበረ ጡብ አነሱና ልክ ሞፔዱ ሊፈተለክ ሲል ፊተኛው ጎማ ሥር ወሸቁት። ሞፔዱ ተገለበጠ፤ ሁለቱም አስፋልቱ ላይ ተነጠፉ። የነጂው ጉልበት ተገሽልጦ ደሙ ይወርዳል። ያኛው ተነሥቶ ከጃኬቱ መዶሻ አወጣ። ጋሽ ጥላዬ እጃቸው አሁንም ጡቡ ላይ ነው፤ ረዳት ታኮውን አይለቅማ። መዶሻውን እዚያው እጅ ላይ አወረደው፤ ደገመው፤ ሠለሰው። ከመስኮቴ ሆኜ አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ከዚያ ኤንትሬዋ ላይ ቆሞ ረገጣት፣ ካቢኗ እንደ ባዶ ጣሳ ተጨረማመተ። እኔ በባዶ እግሬ ወርጄ ያንኑ ጡብ ብወረውረው ጀርባውን አገኘው። ስድቡን በአማርኛ ነበር ያወረድኩት፤ የገባው ይመስለኛል፤ ሞፔዱን አንሥተው ጠፉ።

የጋሽ ጥላዬ አውራ ጣት ውስጥ ሽቦ ገባ። ሐኪሙ ይንቀሳቀሳል ብዬ ቃል አልገባም አለ። ያለ አውራ ጣት ደግሞ ሪሞት ምን ይረባል? ባለቤታቸው የሻረግ ስብርባሪውን በፌስታል ይዛ ትልቁ የቆሻሻ ገንዳ፣ ስኪፑ ውስጥ ልትጥል ስትወርድ ደረጃው ላይ ያዝኳት።

"ልቀቂኝ ሮማንወርቅ፣ በሚቀጥለው ሬሳውን እንድለቅም ነው?" አለችኝ።

በመጨረሻ ተስማሙ። ጋሽ ጥላዬ ይጠግኗት፤ የፓርኩን ዳገት በዚያው አውራ ጣት ካላወጧት ግን መኪናዋም መሣሪያውም ስኪፕ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ወሬውም አይነሳም። ብርዱን ሁሉ በግራ እጃቸው ቆርቆሮውን ሲነርቱት ከረሙ። በየምቱ መሃል የሚወጣው እርግማን እዚህ አይነገርም።

ዛሬ ሄድን። ኤንትሬዋ እያቃሰተች እስከ ዳገቱ ወገብ ወጣች። እዚያ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ሪሞቱ ላይ ደረቀ። መኪናዋ ቆመች፤ ቀጥላ ወደ ኋላ፣ ወደ ብረት አጥሩ መንሸራተት ጀመረች።

"ረዳት! ታኮ!"

እኔን እኮ ነው። ዘልዬ በሆዴ ተደፋሁና ታኮዋን ጎማዋ ሥር ወሸቅኩ። ጎማዋ ጣቴን ጨፍልቆ መኪናዋ ቆመች።

"ዘገየሁ እንዴ ጋሼ?"

"ብትዘገዪማ ክሪክ አላጣም ነበር" አሉና ሳቁ፤ ጥርስ የሌለበት ቦታ ታየኝ። ከዚያ ያንን እጃቸውን ጭናቸው ላይ በኃይል መቱት። አንዴ፣ ሁለቴ፤ ሕመሙ እንባ አመጣባቸው። ግን ጣቱ ታጠፈ።

"አንሺ" አሉኝ። ታኮዋን ሳብኩ። ጎማዋ ሣሩን ገነጣጥሎ ፊቴ ላይ ረጨብኝና መኪናዋ ወጣች፤ እስከ ጫፍ።

"ለየሻረግ ይደውሉላት እንጂ" አልኳቸው።

"ሥራ ላይ ስልክ አታነሳም። ብታነሳስ እኔን ታምናለች? ሂጂ አንቺ፣ ረዳት አይደለሽ?"

የሻረግ ኪልበርን ነው የምትሠራው። ልብሴ ጭቃ ነው፣ ጣቴም አብጧል፤ ግድ የለም፣ ለማስረጃ ይሆናል። ይኸው አውቶቡሱ መጣ። ከአፏ "ምሥር ብዪ" ሳልሰማ አልመለስም፤ አሳልፉኝ።