ውሃ የሚጠጣው ሬድዮ

ጨው የሟሟበት ውሃ ደረቅ አፈር ላይ ሲፈስ የሚወጣውን ሽታ ታውቁታላችሁ? ትናንት እናታችን አደይ የጨው ማሰሮ ያለቀለቀችበትን ውሃ ግቢው ላይ ስትደፋው ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ ማለቴ ሁሉ ቀርቶ፣ እንደገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ የውሃ ታኒካ ተሸክሜ ቆምኩ።

ያኔ መቐለ፣ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ በታች፣ በጨው ነጋዴው በአቦይ ሐጎስ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። አባባ ከሸዋ የመጡ የቴሌግራፍ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። አንድ ጣሊያን መካኒክ አገሩ ሲገባ የተወላቸው አሮጌ ሬድዮ ነበራቸው፤ በጆሮ ማዳመጫ ካልሆነ አይሰማም። አባባ ማዳመጫውን ለሁለት ከፍለው፣ አንዱን በራሳቸው ጆሮ፣ አንዱን በታናሽ እኅቴ በምሕረት ጆሮ ላይ ያደርጉና፣ «የምሕረት ጆሮ ቀጭን ነው፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል የሰው ድምፅ ትለያለች» ይሉ ነበር። የእኔ ጆሮስ? የእኔ የጉትቻ ማንጠልጠያ ብቻ ነው እንዴ!

በጋው ሲጠና ሬድዮው ይደክም ነበር። ከጀርባው የወጣ ሽቦ በመስኮት ወርዶ ግቢው ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር ይታሰር ነበርና፣ የብረቱ ዙሪያ ካልራሰ ድምፁ እንደ በሽተኛ ያቃስታል፤ የመቐለ መሬት ደግሞ በበጋ ድንጋይ ነው። ስለዚህ አባባ ከአቦይ ሐጎስ የጨው ስብርባሪ እየለመኑ ውሃ ውስጥ ያሟሙ ነበር፤ «አንቺማ ጉልበተኛ ነሽ፣ ጽጌ» ተብዬ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብረቱን ማጠጣት የእኔ ሥራ ሆነ።

አቦይ ሐጎስ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ይስቁ ነበር። «አንታ ጸሓፊ! ሬድዮ አገኘሁ ስትል ግመል ነው ያገኘኸው! ጨውና ውሃ ካልሰጠኸው አይራመድም! ግመል እንኳ በየቀኑ አይጠጣም!»

እኔ ግን አልስቅም ነበር። እግሬ ጭቃ ሆኖ፣ ታኒካዬን ይዤ፣ በመስኮቱ ሁለቱን ጭንቅላቶች ተጠጋግተው አይ ነበር። ምሕረት ስትወጣ «ምን አለ?» ብዬ ስጠይቃት «አንቺ አይገባሽም» ትለኛለች። ሰባት ዓመቷ ነው እኮ! አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ቃል ብቻ በጆሮዬ ብሰማ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አንድ ቀን፣ ሁለቱ በአንድ ነገር አብረው ሲስቁ አየሁ። ታኒካዬን አንሥቼ፣ ብረቱን አልፌ ሄጄ፣ ውሃውን አጥሩ ሥር ባለው የአቦይ ሐጎስ በለስ ላይ ገለበጥኩት። በማግሥቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም፣ ከዚያም በኋላ በየቀኑ። ሬድዮው እየሰለለ ሄዶ ጭራሽ ዝም አለ። «ጽጌ፣ ብረቱን አጠጣሽ?» ሲሉኝ «አጠጣሁ» እላለሁ፣ አባባም ያምኑኝ ነበር።

ቅጣቴ ግን ከዚያ መጣ። አባባ ሣጥኑን ፈተው፣ የብርጭቆ አምፖሎቹን አንድ በአንድ እያወጡ በጨርቅ ይወለውሉ፣ ምሕረት ደግሞ እንደ ጫጩት በቀሚሷ ታቅፋ ትይዝላቸው ጀመር። ብረት ፍም ውስጥ እያጋሉ የላላውን ሽቦ ሁሉ በየዱ፣ ድምፅ እንዲይዝ በግቢው ባሕር ዛፍ ላይ የተሰቀለውን ሌላ ሽቦ አውርደው እንደገና ሰቀሉ። ድሮ ለግማሽ ሰዓት አብረው ይቀመጡ የነበረው አሁን ቅዳሜን ሙሉ ሆነ። ላራርቃቸው ብዬ አጣበቅኋቸው!

ሰኔ ሲገባ አባባ ተስፋ ቆረጡ። «ለሰኞ ገበያ የሚመጣው የወሎ ነጋዴ በኮርቻ እለውጥሃለሁ ብሎኛል፣ ይውሰደው» አሉ። ያኔ ደነገጥኩ፤ ሬድዮው ከሄደማ የእኔ ተራ መቼም አይመጣም። ልናገር እያልኩ፣ ዱላውን እየፈራሁ እሑድ ደረሰ።

እሑድ ከቀትር በኋላ የዓመቱ የመጀመሪያ ዶፍ ወረደ። አቦይ ሐጎስ ሊጠለሉ ገብተው ሳለ ምሕረት ለመጨረሻ ጊዜ ብላ ማዳመጫውን አደረገችና «አባባ! ሰውዬው! ሰውዬው መጣ!» ብላ ጮኸች። አባባ ሰምተው እንባቸው መጣ። ብድግ አድርገው ሳሟትና፣ «ይህች እጅ ናት ያዳነችው! የተባረከች እጅ!» አሉ።

ዝም ብል ኖሮ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን እንዴት ዝም ልበል? የእኔን ዝናብ እሷ ስትሸለምበት!

«እሷ አይደለችም!» አልኩ። «ዝናቡ ነው ብረቱን ያራሰው! ሬድዮው አልተበላሸም፤ እኔ ነኝ ውሃውን በለሱ ላይ እደፋ የነበርኩት!»

መጀመሪያ የተናገሩት አቦይ ሐጎስ ናቸው። «ዋይ ኣነ! በለሴን በጨው ያደረቅሽው አንቺ ነሻ!»

አባባ ዝናቡ ውስጥ ወጡ፤ ብረቱ አጠገብ ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ነካክተው፣ ርሰው ተመለሱ። ዱላ ስጠብቅ የራሳቸውን ማዳመጫ አንሥተው ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ። ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ፣ ከጩኸቱ ሥር፣ አንድ ሰው በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ የሚያወራ ይመስል፣ በአዲስ አበባ ስለዘነበ ዝናብ ተናገረ።

አባባ ባዶ ጆሯቸውን ይዘው በፊታችን ቁጢጥ አሉና፣ አፌን አፌን እያዩ፣ «ምን አለ? ንገሪኛ፣ ምን አለ?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃውን በተራ እናጠጣ ነበር።

አሁን ያለን ሬድዮ አዲስ ነው፤ ውሃም ጨውም አይጠይቅም፣ ጮክ ብሎ ለቤቱ ሁሉ ይናገራል፣ አባባም ከወንበራቸው ሳይነሡ ይሰሙታል። ማንም ማንንም ምን አለ ብሎ አይጠይቅም። በምሕረት መቅናት ከተውኩ ቆየሁ። አንዳንዴ የምቀናው፣ እግሯ ጭቃ ሆኖ፣ አባቷ አፏን እያዩ አንድ ቃል ከእሷ ይጠብቁ በነበሩት በዚያች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው።