መሬት ያልነካው ጎማ

ሽማግሌው ጎሚስታው ዘንድ የሚመጡት በዓመት አንዴ ነው፤ ከረባታቸውን አስረው፣ በነጭ አንሶላ የተጠቀለለውን ያንኑ ያልተነዳበት ጎማ ለማስመርመር ታቅፈው። መኪና የላቸውም። በታክሲ ሲመጡ ለጎማውም ወንበር ይይዙለታል። ጎሚስታው መጀመሪያ ሰሞን "ሰውዬው ጤና የላቸውም" ብሎ ነበር፤ ኋላ ግን ለምዷቸው ቀናቸውን ይጠብቅ ጀመር።

ዘንድሮም አንሶላውን ገልጠው እንደ አስታማሚ አጠገቡ ቆሙ። ጎሚስታው የጎማውን ጎን በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ብቅ አሉ። የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገሩትን አራት ቁጥሮች አነበበ። አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

"ጋሼ፣ ይኼ አልቆለታል።"

"መሬት ሳይነካ?"

"ሳይነካም ያረጃል። ላስቲክ እኮ ተቀምጦም ይደርቃል።"

ሽማግሌው በአንድ ጣታቸው ላይ ያደረጓቸውን ሁለት የጋብቻ ቀለበቶች አዟዟሩ።

"መኪና ስንገዛ መጠባበቂያ እንዳይቸግረን ብለን ከባለቤቴ ጋር ቀድመን የገዛነው ነበር" አሉ።

ጎሚስታው "ልጣልልዎ?" ሊል አፉን ሲከፍት፣ እሳቸው አንሶላውን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ሸጎጡ፤ ጎማውን አስፋልቱ ላይ አቁመው በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት። መጀመሪያ ወልገድገድ አለ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ሄደ። እሳቸውም እየገፉ ከጎኑ ሶምሶማ ጀመሩ። መስቀለኛው መንገድ ጋ ሲደርሱ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው የመታጠፊያ ምልክት አሳዩ። ከኋላቸው የነበረው አውቶቡስ ፍጥነቱን ቀንሶ አሳለፋቸው።