ሁለቱም ጎል የእኔ ነበር

ጎፋ ውስጥ ኳስ የሚወድ ማንንም ሰው ስለ ሮበሌ ብትጠይቁ ያንኑ ታሪክ ይነግራችኋል። የክረምቱ የሰፈር ዋንጫ ፍጻሜ፣ ሁለት ለሁለት ሆነን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሮበሌ አገባ። ዳኛው አጸደቀ። እኛ ስንተቃቀፍ እሱ ወደ ዳኛው ሄዶ፣ «በእጄ ነው ያገባሁት» አለ። ጎሉ ተሻረ፣ ወዲያው እነሱ አገቡብን፣ ዋንጫው ሄደ። ያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ «ከሃዲ!» እያለ ቤቱ ድረስ ተከተለው። ዛሬ ያው ሰፈር ለልጆቹ እንደ ተረት ያወራዋል።

እኔ የምለው፣ በዚያ ጨዋታ ሁለቱን ጎል ያገባው ማን ነው? እኔ ነኛ፣ ብሩኬ! አንዱን በጭንቅላቴ፣ አንዱን ከሩቅ አክርሬ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ ጎሎች ግን እያደር ጠፉ።

ልጅ ሳለሁ እኔም ከእሱ ሌላ ሰው አይታየኝም ነበር። ታኬታውን ተሸክሜ ከኋላው የምከተለው እኔ ነበርኩ፤ አረማመዱን ሳይቀር እኮርጅ ነበር። ክለብ ይገባል ሲባል አባቱ ታመሙና ከሀይሌ ጋርመንት ወዲያ ያለውን የቤተሰቡን እርሻና ከብት ይዞ ቀረ። አሁን እርሻው ጠቧል፤ ወተት ይሸጣል። ጠዋት በራችንን ሲያንኳኳ ባለቤቴ ቤተልሄም ፀጉሯን አስተካክላ ነው የምትወጣው። አንድ ጊዜ ባዶ እጁን መጥቶ፣ «ላሟ መድኃኒት ስለተወጋች ለጊዜው ወተቷን አትጠጡ» አላት። ማን ጠየቀው?

«ወተቱም እንደ ሰውየው ነው፤ ነገር የለበትም» አለችኝ። ከተጋባን ጀምሮ ስለ እኔ እንዲህ ብላ አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችንም በአንድ የጤና ቡድን እንጫወታለን፤ ቦርጭ ያወጣን የሰፈር አባወራዎች ነን። ዳኛ የለንም። ኳስ በእጁ የነካ ራሱ ይናገራል፣ ይኸው ነው ደንባችን። ከማን ታሪክ እንደመጣ መናገር አያስፈልገኝም።

በቅርቡ አምበላችን ቤት ቀይሮ ሄደና ቦታው ክፍት ሆነ። ፈለግሁት። አንድ ጊዜ እንኳ ሮበሌን ከኋላዬ አስከትዬ ሜዳ መግባት አማረኝ። ምርጫው ከቅዳሜው ጨዋታ በኋላ ፉል ቤት እንዲሆን ተወሰነ።

ያን ቅዳሜ እርስ በርስ ተከፍለን ስንጫወት ሮበሌ በተቃራኒው ወገን ነበር። ከማዕዘን የተሻማውን ኳስ በትከሻዬ ገፍቼ አገባሁ። ጥሩ ጎል ነበር። ከዚያ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ፤ በእኛ ሰፈር ስም የሚያወጣው ጎል ማግባት ሳይሆን ያገቡትን ማሻር አይደል?

«ወንድሞቼ፣ ጎሉ ይሻር፤ እጄን ነክቶኛል» አልኩ፣ ድምፄን ትንሽ ሰበር አድርጌ።

በዕድሜ የሚበልጡን ጋሽ መኩሪያ፣ «ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» ብለው ሊያጨበጭቡ ሲሉ ሮበሌ መጣ።

«ኧረ ብሩኬ፣ አጠገብህ ነበርኩ እኮ። ትከሻህን ነው የነካው።»

«እጄን ነው አልኩህ!»

«አይደለም፣ ወንድሜ። ንጹህ ጎል ነው። ገብቶብናል።»

የገባበት ሰው ሲከራከርልኝ፣ ያገባሁት እኔ ስክድ! ሜዳው በሙሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያልሳቀው ሮበሌ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ፉል ቤት ስንደርስ ፊቴ ገና ይግል ነበር። ጋሽ መኩሪያ፣ «ሮበሌን የሚመርጥ?» ሲሉ ከእኔና ከራሱ በቀር ሁሉም እጁን አወጣ። «ብሩኬን የሚመርጥ?» ሲሉ ራሴን መምረጥ አፍሬ አቀረቀርኩ። ቆይቼ ቀና አልኩ። አንድ እጅ ብቻ ወጥቷል፤ የሮበሌ።

«እየቀለድክብኝ ነው?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ምን ያስቀልደኛል? በኳስ አንተ ከእኔ ትሻላለህ። ድሮም ትሻል ነበር» አለና ዳቦውን ቆረሰ።

ይህ ሰው እንደማይዋሽ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ልሰማው የጓጓሁትን ቃል ሰማሁት፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅናቱ ባሰብኝ። እኔ ለእሱ እንዲህ ማለት አልችልማ!