ከመርዶ የቀደመ ሻማ

ዛሬ በእረፍት ሰዓት ክፍላችን ውስጥ አንድ የአገር መሪ «ሞቱ»።

ለሳምንታት በአደባባይ ስላልታዩ ፌስቡክ ላይ ፎቶአቸው ከሻማ ጋር ይዞራል። ባዮሎጂ ከእኔ የሚኮርጀው ጓደኛዬ ፊታቸውን አይቶ «ኩላሊታቸው ነው፤ ሼር አድርገው እንጂ!» አለኝ።

«አላደርግም» አልኩት።

አምና ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ሲያርፍ፣ እዚህ መሐል ሜዳ ያሉ ጎረቤቶቻችን ጎህ ሲቀድ መጥተው ሊያረዱን ተቀጣጥረው ነበር። አንድ የሰፈራችን ልጅ ቀድሟቸው ፎቶውን ከሻማ ጋር ለጠፈ። እማዬ የሚደግፋት ሰው አጠገቧ ሳይኖር ከስልኬ ላይ አየችው።

ይህን ሳስታውሰው ጓደኛዬ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ረስቼው ነው።»

መሪው ይታመሙ አይታመሙ አላውቅም። እናታቸው በሕይወት ካሉ ግን መርዶውን ከእኔ ገጽ አይስሙ።

እናንተስ፣ መርዶ በስልክ የደረሳችሁ አላችሁ? እናታችሁን ምን ብላችሁ አጽናናችሁ? እኔ እስካሁን የምላት አጣሁ።