ላብ የማይታይበት ሥራ

የልጅ ልጄ ሁለት እጆች ፀጉሬ ውስጥ ነበሩ። እየጎነጎነችኝ ዓይኗ ግን ጠረጴዛው ላይ ከተከፈተው ኮምፒውተር አልተነቀለም። አረንጓዴ ምልክት እስኪበራ ትጠብቃለች።

በስተርጅና ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ ሥራዋንም እንደ ፊደሉ ቀስ ብላ አስረድታኛለች። መሥሪያ ቤቷ ሕመምተኞች የሐኪም ቀጠሮ የሚይዙበትን ድረ ገጽ ያዘጋጃል። ድሮ አዲስ ነገር በተጨመረ ቁጥር ፋይሉን አንድ በአንድ በእጅ ይጭኑ ነበር። አንዱ ሲረሳ ገጹ ድርግም ይላል፤ በሽተኛው ክሊኒክ በር ላይ "ቀጠሮ የለህም" ይባላል። እኔም አንድ ጊዜ የሚያመኝን ጉልበቴን ይዤ እንዲሁ ተመልሻለሁ። ይሄ ቢያንገበግባት ፓይፕላይን የሚሉትን ዘረጋች። አዲሱን ኮድ ማሽኑ ራሱ ይገጣጥማል፣ ይፈትናል፤ ከወደቀ ያግደዋል፣ ካለፈ አረንጓዴ ምልክት አብርቶ ገጹ ላይ ያወጣዋል። ከዚያ ወዲህ ከክሊኒክ በር የተመለሰ የለም።

ታዲያ ኮንትራቷ ሊታደስ ሲል፣ ፀጉሬን በምትጎነጉንበት በዚያ ቀን አለቃዋ በቪዲዮ ደወለ።

"ምንድን ነው ይሄ? በሥራ ሰዓት ፀጉር ቤት ከፈትሽ?"

"ዛሬ ከቤት የምሠራበት ቀን ነው። አዲሱ ኮድ እየተፈተነ ስለሆነ እሱን እየጠበቅኩ ነው።"

"እሱንማ ማሽኑ ይሠራዋል። አንቺስ?"

"ማሽኑን ማን አስተማረውና ነው፣ የኔ ጌታ?" አልኩት፣ ግማሹ ፀጉሬ እንደተበተነ።

"እማማ፣ እርስዎ አይግቡበት።"

"ፀጉሬ ገብቶበት የለ እንዴ! እኔ ብገባ ምን አለበት?"

የልጅ ልጄ ሳቋን ዋጠች። እሱ አልሳቀም። "ድሮ ስታመሹ፣ ስትሯሯጡ አያችሁ ነበር። ሥራ ማለት እሱ ነው" ብሎ ዘጋው።

እንዴት ያለ ፍርድ ነው! ገጹ ሲወድቅ እያላባቸው የሚያነሱት ጎበዞች ተባሉ፤ እንዳይወድቅ ያደረገችው ሰነፍ!

ኮንትራቷ አልታደሰም። ፓይፕላይኑ ግን እዚያው ቀረ፤ ዛሬም ይሠራል። አለቃው ለክሊኒኮቹ "አዲሱ አሠራራችን" እያለ ያሳያል አሉ። ላሟን አባሮ ወተቷን መጠጣት ማለት ይሄ ነው። እሷ "ተይው እማማ" ትለኛለች። አልተወውም!

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ሠራተኛ የምትቀጥሩ ከሆነ የልጅ ልጄን ጥሯት። ስትመጣ ግን እስከ ስንት ሰዓት እንደምታመሽ አትጠይቋት። በእሷ ምክንያት ምን መበላሸት እንዳቆመ ጠይቋት፤ እስክትጨርስም አድምጧት።