ኮራል ፊት የቆሙ ሽማግሌዎች

ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ፣ ከሮቢት ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን ቆቦ አቶ ሰይድ ቤት ገባን። እሺ ሳይባል ሽማግሌ አይቀመጥምና መስኮቱ ሥር ቆመን፣ የልጁን በሬዎችና ግመሎች አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። ሰውዬው ግን ዓይኑን ከመስታወት ገንዳው አልነቀለም። በጨው ውኃ የሚያኖራቸው ኮራሎች፣ ድንጋይ መሳይ የባሕር እንስሳት፣ ታመው ነጥተው ገና ማገገማቸው ነበር። ያለ ብርሃን አይኖሩም፤ መብራት ስለጠፋ የቀራቸው የመስኮቱ ብርሃን ብቻ ነበር።

«ኧረ በአላህ፣ ተቀመጡ!» አለን።

ደስ ብሎን ተቀመጥንና ምርቃቱን ጀመርን።

«ምኑን ነው የምትመርቁት?»

«ልጅዎን ሰጡን አይደል?»

«ኧረ ብርሃን ከልላችሁባቸው ነው!»

«እንግዲያው ተነሥተን እስኪመሽ እንለምናለን» አልኩ።

ኮራሎቹን አየ፤ እኛን አየ።

«እንዳትነሡ! ልጅቷን ሰጥቻለሁ፤ መርቁ።»