መስታወቱ ላይ የቀረው ግማሽ ፊት

መካነ ሰላም ጉም ሲገባባት ቀኑ ሙሉ እንደ ንጋት ይውላል። ያን ሰሞንም እንዲያ ነበር። ከማሠልጠኛው መስኮት ውጭ ያለው ባሕር ዛፍ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። እኔ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ የሰው ፊት እመረምር ነበር።

ሥራው ተራ ነው። ከአረብ አገር ለተመለሱ ሴቶች የፎቶ ሥራ ሥልጠና ሊሰጥ ነው፤ ለጀማሪ የሚሆነው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የትኛው እንደሆነ መርጬ በጽሑፍ እንዳቀርብ ተጠየቅሁ። የምሠራው እዚያው ማሠልጠኛ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ የመረጡኝም መመሪያን ከዳር እስከ ዳር ስለማነብ ይመስለኛል። ፊደል የቆጠርሁት አድጌ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ገጽ መዝለል ይፈራል፤ በዘለለው ገጽ ላይ ሌላው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ያለ ይመስለዋል።

ፕሮግራሞቹን ሁሉ በአንድ ፎቶ ልፈትን ወሰንሁ። ፎቶውን የሰጡኝ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው አረብ አገር ሞታለች ተብሎ መርዶ መጥቶላቸዋል፤ ሬሳ ግን አልመጣም። እኛ ዘንድ ሬሳው ያልመጣ ሰው በፎቶውና በልብሱ ይለቀሳል። ድንኳኑ ውስጥ ፎቶው ይቆማል፣ አልቃሹም እሱን እያየ ያለቅሳል። እሳቸው ያላቸው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ ሳትሄድ የተነሣችው፣ በመስታወት ክፈፍ ግድግዳ ላይ የኖረ። ክረምት ጣራው አፍስሶ ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። መርዶው በመጣ ዕለት እናትየው ሊያቅፏት ከክፈፉ ሲያወጧት፣ ግማሽ ፊቷ መስታወቱ ላይ ቀረ።

«አጉልተሽ ሰው እንዲያያት አድርጊልኝ» አሉኝ። «ለቅሶው እሑድ ነው።»

የመጀመሪያው ፕሮግራም ብርሃን ይጨምራል፣ ዳር ይቆርጣል፤ ከዚያ አያልፍም። ሁለተኛው አስቸጋሪ ነው። እያንዳንዱን ሥራ እንደ ስስ ወረቀት አንዱን ባንዱ ላይ እየደረበ ያስቀምጣል፤ የትኛውንም አንሥተው ከሥር የነበረውን ማየት ይቻላል። ሦስተኛው ግን አንድ ቁልፍ ብቻ ነበረው ማለት ይቻላል። ተጫንሁት።

ሙሉ ሴት አየችኝ።

ቆዳዋ እንደ ተላጠ እንቁላል ልስልስ ያለ ነው። ከንፈሯ ልትናገር እንደ ጀመረ ሰው ከፈት ብሏል። የጠፋውን ግማሽ ከየት አመጣው ብዬ ሳልጨርስ፣ የተረፈውም ግማሽ ያው እንዳልሆነ አየሁ። ከቅንድቧ በላይ የነበረችው ጠባሳ የለችም። እሷን እንዲነካ ማንም አላዘዘውም። ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍነው ክፍሉ ውስጥ ሁለት የሆንን መሰለኝ።

ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ቀልደኛ፣ ብቅ አለች።

«ኧረ ይችን ቆንጆ ከየት አመጣሻት? ለወንድሜ ልዳራት እንጂ!» አለች። ጠጋ ብላ አየችና ሳቋን ተወችው። «ወላሂ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«ምን?»

«እኔ ብቻም አይደለሁ። ሁላችንም ነን። እዚያ ሆነን ወደ ቤት የምንልከው ፎቶ ይሄው ነው። ስልኩ ያነጣሻል፣ ያለሰልስሻል፣ ያበጠ ዓይንሽን ይመልስልሻል። እናቴ ‹ተመችቶሻል› ትለኝ ነበር።»

የፕሮግራሞቹን አሠራር ጎን ለጎን ለማየት ሦስተኛው የሠራትን ፎቶ በትልቁ አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ ተውኋት። በማግስቱ ጧት ስገባ እናትየው ቀድመውኝ ገብተዋል። ፎቶዋን በሁለት እጃቸው ይዘዋታል።

«መቼ ላከችው?» አሉኝ።

ነገሩ ገባኝ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ፎቶ የሚመጣው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው።

«ብያቸው ነበር! አልሞተችም ብያቸዋለሁ!» ፎቶዋን ሳሟት። «ጠባሳዋ ድኖላታል፣ አየሽ? አሳክመዋታል። ሄጄ ድንኳኑን አትትከሉ ልበላቸው።»

ቀልደኛዋ ከበሩ ዘንድ ቆማ ኖሯል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ተያቸው፤ ዛሬን እንኳ ይደሰቱ» አለችኝ።

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አልሁ። «አልላከችውም። ማሽኑ ነው የሠራው።»

«ማሽኑ የት ያውቃታል?»

ኮምፒውተሩን ከፍቼ አሳየኋቸው። ያ ፕሮግራም ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ቁልፉን ሲይዙት የቀድሞውን፣ ሲለቁት አዲሱን ያሳያል። ያዝሁት፤ ግማሿ ፊት ወጣች። ለቀቅሁት፤ ሙሉዋ ተመለሰች። እንዲገባቸው ብዬ ደገምሁት።

«ሄደች» አሉ በሹክሹክታ። «መጣች። ሄደች።» ከዚያ እጄን ያዙኝ። «ተይ! ልጄን እንዲህ አታመላልሻት።»

እጄን ከቁልፉ ላይ አነሣሁ። በኋላ በወረቀቱ ላይ ያለችውን እያዩ፣ «ታዲያ ይችኛዋ የማን ልጅ ናት?» አሉ።

«የማንም አይደለችም፣ እትዬ።»

«የማንም ያልሆነ ልጅ ወዴት አለ?» አሉና ወረቀቱን ደፍተው አስቀመጡት።

ቀልደኛዋ ትከሻቸውን ይዛ «አብሽሩ እትዬ፣ አብሽሩ» አለቻቸው። እኔ አስቸጋሪውን ፕሮግራም ከፈትሁ። አጠገቤ ተቀመጡና የምሠራውን ሁሉ አዩ። የውሃውን እድፍ ከጉንጯ ላይ አነሣሁ፣ የደበዘዘውን ጠርዝ አደመቅሁ። ጠባሳዋ ጋ ስደርስ እጃቸውን ከስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«እሷን እንዳትነኪ። ድክ ድክ ስትል ወደኔ ስትመጣ ነው የወደቀችው።»

«የጠፋውንስ ጎን ምን ላድርገው?»

«ተይው። ነጠላዋን ትታልኝ ሄዳለች። ነጠላዋ ይሸፍነዋል።»

በጽሑፌ ለጀማሪ የሚሆነው ይህኛው ነው አልሁ፤ ያደረገውን የማይደብቀው። ኃላፊያችን «ለጀማሪ አይከብድም?» ሲሉ ቀልደኛዋ ናት የመለሰችው፦ «ይክበዳ!»

እሑድ ለቅሶው ላይ ፎቶዋ ወንበር ላይ ቆማለች፤ ነጠላዋ ከላይ ወርዶ የጠፋውን ግማሽ ሸፍኖታል። የማያውቅ ሰው የተከናነበች ሴት ናት ይላል። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ። ድንገት በድንኳኑ ሥር ነፋስ ገባና ነጠላውን ገለጠው።

ለቅሶው ቆመ። የተሸፈነውን ዓይኗን ለማየት ሁሉም አንገቱን አስግጓል፤ እኔም። ግራጫ ወረቀት ብቻ ነበር።

እናትየው ከተቀመጡበት ተነሡ። እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን እንደሚያለብሱ ቀስ ብለው ነጠላውን መለሱላት፤ ጫፉንም ከክፈፉ ጀርባ ሸጎጡት። ከዚያ ዞረው እኛን አዩን።

«አልቅሱላት እንጂ» አሉ። «ልጄ ናት።»